ልጅ ሲዘምር አያት ይስማ



ዓርብ ማታ እዚህ በናታኒያ በብዙ ቤቶቻችን አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። ሻማው በርቷል፣ ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኗል። ልጁ በትምህርት ቤት የተማረውን የሰንበት መዝሙር በዕብራይስጥ ፈጠን አድርጎ ይዘምራል። አያት ግን ዝም ብለው ይመለከታሉ። ልጁ አያቱ የሚያውቁትን አያውቅም፤ አያትም ልጁ የሚለውን አይሰሙም። በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠን ሁለት ቤተሰብ እንሆናለን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከኦሪት ምን እንማራለን? አባታችን ያዕቆብ ወደ ግብፅ ሲወርድ የዮሴፍ ልጆች ምናሴና ኤፍሬም እዚያው በባዕድ አገር ተወልደው ነበር። ራሺ እንደሚያስረዱት፣ በዮሴፍና በወንድሞቹ መካከል ያስተረጎመው ምናሴ ነው። የእኛም ልጆች በቢሮና በሐኪም ቤት ለወላጆቻቸው ያስተረጉማሉ። ያዕቆብ ግን የልጅ ልጆቹን እንደ ባዕድ አላያቸውም፤ እንደ ራሱ ልጆች ቆጥሮ ባረካቸው። ስለዚህ እስከ ዛሬ በሰንበት ዋዜማ ወንዶች ልጆቻችንን በኤፍሬምና በምናሴ፣ ሴቶቹን በሣራ፣ በርብቃ፣ በራሔልና በልያ ስም እንባርካለን።

የኢየሩሳሌም ታልሙድም ስለ ረቢ ዮሹዓ ቤን ሌቪ ይነግረናል። እኚህ ታላቅ ሊቅ ዘወትር ዓርብ የልጅ ልጃቸውን የሳምንቱን ፓራሻ ያስነብቡትና ያዳምጡ ነበር። አንድ ቀን ረስተው በጥብርያዶስ ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ትዝ ሲላቸው ወዲያው ወጡ። ከልጅ ልጅ ኦሪትን መስማት ከሲና ተራራ እንደ መስማት ነው ብለው ያምኑ ነበርና። እንግዲህ ከልጅ መስማት ለአያት ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።

ታዲያ በቤታችን ምን እናድርግ?

1ኛ. ኤሼት ሐይል። ከኪዱሽ በፊት የሚዘመረው ይህ የልባም ሴት ምስጋና በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ይገኛል። 22ቱ ቁጥሮች ከአሌፍ እስከ ታቭ በፊደል ተራ ስለ ተደረደሩ ለልጆች ይመቻሉ። በሳምንት አንድ ፊደል ብቻ እናስጠና፤ ልጁም ሥዕሉን ይሳል። በዮድ ፊደል የሚጀምረው ቁጥር ስለ እጅና ስለ እንዝርት ይናገራል። እዚያ ሲደርሱ ሴት አያት እንዝርት ካላቸው አውጥተው በጎንደር ጥጥ እንዴት ይፈትሉ እንደ ነበር ያሳዩ። መፍተል በሰንበት ከተከለከሉት 39 ሥራዎች አንዱ ስለ ሆነ ይህን በሥራ ቀን እናድርገው። ከዚያ በኋላ ልጁ ዓርብ ማታ ሲዘምር የሚያስበው የአያቱን እጅ ይሆናል።

2ኛ. መዝሙር 128። ይህ መዝሙር እናትን በወይን ተክል፣ ልጆችን በማዕድ ዙሪያ ባሉ የወይራ ቡቃያዎች ይመስላል። በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ 127 ነው። አያት በግዕዝ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይበሉ፤ ልጁ በዕብራይስጥ ይመልስ። ቀጥሎም ልጁ ስለ ወይራ ይጠይቅ፤ በአገር ቤት የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ እንዴት እንደሚታጠን ይነገረው።

3ኛ. የሽመላዋ ዜማ። በኢትዮጵያ ልጆች ሆነን ሽመላ ስትበር ስናይ የኢየሩሳሌምን ደኅንነት እንጠይቃት ነበር የሚሉ ወላጆች በመካከላችን ብዙ ናቸው። ሽመሎች በጸደይና በመጸው በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ። ልጆቻችንን ወደ ውጭ አውጥተን እያሳየን እናስተምራቸው። ስግድ ሲደርስ አያቶቻቸው ኢየሩሳሌምን እንዴት ይናፍቁ እንደ ነበር ያውቃሉ።

4ኛ. ድምፅ መቅዳት። የአያትን ዜማ በስልክ እንቅዳ። ነገር ግን ሰንበት ሳይገባ ወይም ከወጣ በኋላ ይሁን።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ልጅ በአያቱ ዕብራይስጥ፣ አያትም በልጁ አማርኛ አይሳቁ። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ሰው በገበታው ላይ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም።

በዚህ ሰንበት በአንድ መዝሙር እንጀምር። ልጁ ይዘምር፣ አያት ይስሙ፤ ከዚያም አያት ይዘምሩ፣ ልጁ ይስማ። ፈጣሪ ቤታችሁን ይባርክ፤ የልጅ ልጆቻችሁን ዜማ ለመስማት ያብቃችሁ። አሜን!