በመንኰራኵር ላይ ስለ ቆመ ቤት



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከተማ በተቀመጠ ጊዜ የዕለት እንጀራውን ያገኝ የነበረው ድንኳን በመስፋት እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፎ እናነባለን። አቂላና ጵርስቅላም በዚሁ ሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ። ይህን ስናነብ የምናደንቀው የሐዋርያውን ትጋት ነው፤ ድንኳኑን ማን ይገዛው እንደ ነበረ ግን አንጠይቅም። የሚገዛው መንገደኛው፥ ነጋዴው፥ ወታደሩ፥ ምናልባትም ቤት ለመከራየት ዐቅም ያጣው ድኃ ነበር ብለን ብናስብ ከእውነት አንርቅም። ያ ታላቅ መምህር እንግዲህ በሥራ ቀን ከቦታ ወደ ቦታ የሚነሣ ቤት ይሰፋ ነበር፤ በሰንበትም በምኵራብ ያስተምር ነበር።

ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን አንድ ጉዳይ ነው። በባሕር ዳር የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንዲት የንስሓ ልጃችን በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ እኛ መጡ። «አባቴ፥ ልጄ ጐዳና ሊወጣብኝ ነው» አሉን። ልጃቸው የሚኖረው በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ነው። ምን እንዳጋጠመው ብንጠይቃቸው፥ ካምፐር የሚባለውን፥ ይኸውም አልጋና ምድጃ በውስጡ ያለውን፥ በመኪና የሚጎተተውን የተሳቢ ቤት፥ ሌላ ሰው ብዙ ዘመን ከተገለገለበት በኋላ በርካሽ ሲሸጥ አግኝቶ ሊገዛውና ሊኖርበት ማሰቡን በስልክ እንደ ነገራቸው አስረዱን። ዋጋው በዚያ ከተማ ከሦስት ወር የቤት ኪራይ አይበልጥም አሉ። «በጎማ ላይ የሚኖር ልጅ ነው የወለድሁት? ለጎረቤት ምን ብዬ ልንገር?» ብለውም አለቀሱ።

እኛም እስከ አሁን የት ያድር እንደ ነበረ ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ ኪራዩ ከጨመረበት ወዲህ አራት ወር ሙሉ በሥራ መኪናው ውስጥ ያድር እንደ ነበረ ያንኑ ዕለት መስማታቸውን ነገሩን። ስለዚህ ልጁ ከመኪና ወንበር ወደ አልጋ፥ ከጨለማም ወደ መብራት ሊሸጋገር ነበር እንጂ ወደ ጐዳና ሊወጣ አልነበረም። እናቱ ያለቀሱት በመውጣቱ ነው ወይስ በመታየቱ? ይህን ያን ዕለት በአፋችን አልተናገርነውም፤ በልባችን ግን ጠየቅነው።

እኚህ እናት ይህን ሲነግሩን የቆምነው ከጣና ዳር ነበር። በዚያው ሐይቅ በምሥራቁ በኩል ጣና ቂርቆስ የምትባለው ደሴት አለች። የገዳሟ አባቶች ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊታቸው እንደሚነግሩን፥ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ አስቀድሞ በዚያች ደሴት ለብዙ መቶ ዓመታት የተቀመጠችው በድንኳን ውስጥ ነው። ንጉሥ ዳዊትም እርሱ በዝግባ ቤት ተቀምጦ ታቦቲቱ በመጋረጃ ውስጥ በመሆኗ ባዘነ ጊዜ፥ በነቢዩ በናታን አፍ የመጣለት መልስ በሳሙኤል ካልዕ በ7ኛው ምዕራፍ ይገኛል፤ እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ካወጣበት ቀን ጀምሮ በድንኳን ሲመላለስ መኖሩን፥ የዝግባ ቤት ሥሩልኝ ብሎም ከማንም አለመጠየቁን ይናገራል። እኛስ በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከመንበራቸው ወጥተው በውኃ ዳር በድንኳን ሲያድሩ በእልልታና በሽብሸባ እናጅባቸው የለምን? ነገሥታቶቻችንም ቢሆኑ ዐፄ ፋሲል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ዓ.ም. ጎንደርን እስኪመሠርቱ ድረስ አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ከስፍራ ወደ ስፍራ በሚጓዝ ሰፈር ነው፤ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ዐፄ ልብነ ድንግልን ያገኟቸው በድንኳን ከተማ ውስጥ ነበር። ዛሬ የድንጋይና የሲሚንቶ ብቻ የሚመስለን «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የተገኘው ከመክተም፥ ከመስፈር ነው።

ይህን ስንል ግን ድህነትን ለማስዋብ አይደለም። አብርሃም በድንኳን የኖረው በተስፋ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ወደ ካምፐሩ የሚገባው ኪራይ አሸንፎት ነው። ልዩነቱን እናውቃለን። የምንናገረው ስለ ንቀታችን ነው።

ንቀቱም ሩቅ አገር አይደለም። ታንኳ በመሥራት የታወቁት የወይጦ ወገኖቻችን በዚሁ በሐይቁ ዳር ከደንገልና ከሣር በተሠሩ ቤቶች ሲኖሩ፥ ከተማው እየሰፋ በመጣ ቊጥር ከዳርቻው እየተነሡ ሌላ ቦታ ሲሠሩ ኖረዋል። ደንገሉን ከውኃ አውጥተው፥ አድርቀው፥ አስረው በሠሩት ታንኳ እኛ እንጨታችንንና እህላችንን አሻግረንበታል፤ ከእነርሱ ጋር ማዕድ ለመቊረስ ግን ተጸይፈናል። ቤታቸው የማይጸና ስለ ሆነ እነርሱም የማይጸኑ መሰሉን። ዛሬ የእኛው ልጅ በባዕድ አገር በሚነሣ ቤት ሊኖር ሲል ያሳፈረን ያው አሮጌ ዐይናችን ነው።

ወደ ግዢው ነገር እንመለስ። በማሕሌት ያደገ ሰው ስለ ተሳቢ ቤት ምን ያውቃል የሚለን ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ያገለገለ ቤት መግዛት ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። በልጅነታችን በጎጃም በቅኔ ቤት ሳለን፥ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ሌላ መምህር ከሚሄድ ተማሪ በጥቂት ብርና በአንድ ደበሎ ጎጆ ገዛን። ጊዜው ሚያዝያ ነበር፤ ሰማዩም ደረቅ ነበር፤ ክዳኑ አዲስ ሣር ለብሶ ያምር ነበር። በሰኔ ዝናቡ ሲመጣ አዲሱ ሣር የለበሰው በበሰበሰ ማገር ላይ መሆኑን አወቅን። ነሐሴን ያደርነው በሌሎች ተማሪዎች ጎጆ ተጠግተን ነው። ሻጩን አልረገምነውም፤ ሳንመረምር የገዛን እኛ ነንና። (በምሳሌ 20 ላይ ገዢው ዕቃውን ክፉ ነው እያለ ከተከራከረ በኋላ ገዝቶ ሲሄድ እንደሚመካ ተጽፏል። እኛ ግን ገና ሳንገዛው አመሰገንነው፤ ከገዛነውም በኋላ የምንመካበት አጣን።)

ያገለገለ ካምፐርም እንደዚያች ጎጆ ነው። ትልቁ ጠላቱ ውኃ ነው። ጣራው በተጋጠመበትና መስኮቱ በተገጠመበት ማዕዘን ዝናብ ቀስ እያለ ይገባና ውስጡን እንጨት ያበሰብሰዋል፤ ሻጩም ከላይ አዲስ ቀለም ይቀባዋል። ስለዚህ ገዢው ቢቻለው በዝናብ ቀን ሄዶ ይየው፤ የሻጋታ ሽታ መኖሩን ያሽት፤ ወለሉን በተረከዙ ይርገጥ፤ በተለይ በመታጠቢያው አጠገብና በአልጋው ሥር የሚሰምጥ ከሆነ ይተወው። ጎማውም ጥርሱ ስላላለቀ ብቻ አይታመንም፤ ቆሞ የከረመ ጎማ ከእርጅና የተነሣ ይፈነዳል፤ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በጎኑ በአራት ቊጥር ተጽፎ ይገኛል። የባለቤትነቱን ወረቀት ሳያይ ገንዘብ አይስጥ። የሚጎትተውም መኪና ክብደቱን የሚችል መሆን አለበት።

ከዚህም በኋላ የሚቆምበት ስፍራ ጥያቄ አለ። ብዙዎቹ የካምፐር ማቆሚያዎች ወርኃዊ ኪራይ ያስከፍላሉ፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ያለፈውን ካምፐር የማይቀበሉም ጥቂት አይደሉም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ማስተማሩ ለዚህም ጭምር ነው፤ የቤቱ ርካሽነት የመሬቱን ኪራይ፥ የጋዙንና በክረምት ለሚቀዘቅዘው የውኃ መሥመር የሚወጣውን ወጪ አይከፍልም።

በዚያው በሲያትል ከተማ የሆነ አንድ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በጽዳት ሥራ ይተዳደር የነበረ አንድ ሰው በሚኖርባት የጭነት መኪናው ከ72 ሰዓት በላይ በአንድ ስፍራ ቆመሃል ተብሎ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ መኪናው ተጎትታ ተወሰደች፤ ማስለቀቂያውም 547 ዶላር ያህል ሆነበት። ሰውዬው ተከራከረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያች መኪና በሕግ ፊት የሰውዬው መኖሪያ ቤት መሆኗን፥ የተጣለበትም ክፍያ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ቅጣት መሆኑን ፈረደ። ፍርዱ በፈለጉበት የመቆም ፈቃድ አልሰጠም፤ ነገር ግን ዳኞቹ ጎማ ስላለው ቤት አይደለም አላሉም። ይህን ለእኚያ እናት በነገርናቸው ጊዜ ቀና ብለው፥ «ዳኛ ነው ቤት ነው ያለው?» ሲሉ ደጋግመው ጠየቁን።

ከሁሉ ይልቅ ግን ያሳሰበን ሌላ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፥ ከዚያ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ታዟል። የጠባብ ቤት መከታው አየር ነው። በአገራችን በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው በማግሥቱ ያልተነሡ ሰዎች እንዳሉ የማያውቅ የለም። የካምፐር ጋዝ ማሞቂያም ሲበላሽ ያንኑ መርዝ ያወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ይህን አየር ሲያገኝ የሚጮኽ ትንሽ መሣሪያ አለ። የቆየው ዘመኑ ሊያልፍበት ስለሚችል አዲስ መግዛት ይገባል። መስኮቱም በጥቂቱ ክፍት ሆኖ ይደር። ይህን መጻፍ የመምህር ሥራ አይደለም የሚል ቢኖር ሙሴን ይጠይቅ።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። እኚያ እናት የሚኖሩበት ቤት ሳሎኑ በሴራሚክ የተነጠፈ፥ ጣራው አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ያሠራላቸው ይህ ልጅ ነው። በመኪናው ባደረባቸው በእነዚያ አራት ወራት እንኳ በጓሮ ለሚሠራው ሰርቪስ ቤት ገንዘብ መላክ አላቋረጠም። እናቱ የላከውን ሲቀበሉ እንዴት ነህ ይሉት ነበር፤ ደኅና ነኝ ይላቸው ነበር፤ ሁለቱም በዚያ ያበቁ ነበር። በቪዲዮ መደወል ለምን እንደ ተወ አልጠየቁትም።

እኛስ? በአጥቢያችን ለደወል ቤት ማሠሪያ መዋጮ በተሰበሰበ ጊዜ ከውጭ አገር ከላኩት ልጆች ስም ዝርዝር የእርሱ ስም ተነቧል፤ ምእመናን አጨብጭበዋል፤ እኛም በደስታ መርቀናል። የት ሆኖ እንደ ሰጠው አልጠየቅንም። በማርቆስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ሁለት ሳንቲም ስለ ሰጠችው መበለት በየጊዜው እንሰብካለን፤ ከእርሷ በፊት ባለው ቊጥር ግን ጌታ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ መምህራን የተናገረው ተግሣጽ አለ፤ እርሱን በፍጥነት እናልፈዋለን። ይህን በጻፍንበት ቀን ሁለቱን አንድ ላይ አነበብናቸው፤ አፈርንም።

ስለዚህ እኚያን እናት ሰርቪሱ እንዲቆም መከርናቸው። በመጀመሪያ ተቈጡ፤ «ግንቡ ከወገብ በላይ ደርሷል፥ ክረምት ሊያፈርሰው ነው» አሉ። እኛም በቆርቆሮ ይሸፈን አልናቸው። በሦስተኛው ሳምንት መጥተው፥ ለስድስት ወር ምንም እንዳይልክ ራሳቸው ደውለው እንደ ነገሩትና ልጁ በስልክ እንዳለቀሰ አጫወቱን። ለጎረቤቶቻቸውም ቡና አፍልተው ነገሩን እንዳለ ነግረዋቸዋል። ከቡናው ከተቀመጡት አንዷ የእርሷም ልጅ በሌላ አገር በአንድ ክፍል ከስድስት ሰው ጋር በተራ እንደሚተኛ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

ልጁ መጀመሪያ ያየውን ካምፐር አልገዛውም፤ ወለሉ ሰምጧል። ሁለተኛውን በዝናብ ቀን ሄዶ አይቶ ገዛው። ከዚያም በእናቱ በኩል አንድ ጥያቄ ላከልን፤ ሥዕለ አድኅኖ በምሥራቅ ግድግዳ ሊሰቅል ይፈልጋል፤ ነገር ግን ቤቱ ስፍራ ሲለውጥ ይዞራልና ምሥራቁ የትኛው ግድግዳ ነው? እኛም ሥዕሉ ከአንድ ስንዝር ያልበለጠ እንዲሆን፥ በምስማር ሳይሆን በገመድ እንዲሰቅለው፥ በቆመበት ስፍራ ሁሉ ፀሐይ የምትወጣበትን አይቶ ወደዚያ ግድግዳ እንዲያዛውረው ጻፍንለት።