የተሸነፈ አሠልጣኝ ጥፋተኛ ነውን?

በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ቡድን በተሸነፈ ማግሥት በየቡና ቤቱ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «አሠልጣኙ ይባረር!» የሚል። የቁምስናችን ወጣቶችም ከትምህርተ ክርስቶስ ሲወጡ ይህንኑ ይደግማሉ። እኛም ነጻ አይደለንም። በጥር 2005 ዓ.ም. የሐዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ በዛምቢያ ላይ የአቻነቱን ግብ ሲያስቆጥር አብረን እልል ያልን ነን፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 በተሸነፍን ጊዜ ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በመለሱን በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ላይ ጣታችንን ለመቀሰር አልዘገየንም።

ለመሆኑ ጥፋት ምንድን ነው? የሥነ ምግባር ትምህርት ሰውን የሚጠይቀው በዕውቀቱና በፈቃዱ መጠን ነው፤ ማወቅ ሲገባው ሳይጠይቅ የቀረ ግን «አላወቅሁም» ብሎ አያመልጥም። በዚህ መለኪያ የሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታን እንመልከት። ቡድናችን ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ነገር ግን በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደው ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ስለ ነበር ፊፋ ውጤቱን ሽሮ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። የእገዳ ማስታወቂያ የሚደርሰው ለፌዴሬሽን ነው፤ ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አምኗል። ዋናው በደል እንግዲህ የጽሕፈት ቤት ነው። ሆኖም አሰላለፍ የሚያወጣ ሰው «ይህ ልጅ ስንት ካርድ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋልና ጥቂቱ ድርሻ ወደ አሠልጣኙም ይደርሳል እንላለን።

የሚያስገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቡድኑ ምድቡን በ13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካን በ2 በልጦ ስለ ፈጸመ ያ ስሕተት ዛሬ በወሬያችን እምብዛም አይነሣም። ሁለት ነጥብ ጎድሎን ቢሆን ኖሮ ግን ይኸው ስሕተት፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት፣ ይቅር የማይባል በሆነ ነበር! በጥር 2006 ዓ.ም. በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ያለ አንዳች ግብ በተሸነፍን ጊዜ ግን አሠልጣኙ ብዙም ሳይቆዩ ተሰናበቱ።

ማሰናበትና መኰነን ለየቅል ናቸው። ቀጣሪ ውጤት ሲያጣ አሠልጣኝ ቢለውጥ መብቱ ነው፤ የሰውየውን እናት በስታዲየም መስደብ ግን የማን መብት ነው? ሐዋሳ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ፣ ከድሉ ስንቱ የአሠልጣኙ፣ ስንቱ የተጫዋቾቹ፣ ስንቱ የዕድል እንደ ነበረ ማናችንም አልመዘንንም።

ካቴኪስቶቻችን ከሚቀጥለው ሽንፈት በኋላ ልጆቹን እንዲህ ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው፦ ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ ነበር? ምንስ ማድረግ ይችል ነበር? እኛው ብናሸንፍስ ኖሮ ስለዚያው አሰላለፍ ምን እንል ነበር?