ሳይሰብሩ መመዘን

አንድን ነገር ለማወቅ መሰባበር ግድ ነውን? ጥያቄው የፍልስፍና ይመስላል፤ ሆኖም በቤተ ሙከራ ውስጥም ይነሣል። የኬንያ የደም ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

በኬንያ ያደገው አንቶኒ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1949 የአገሪቱን ሕዝቦች ደም ሲመረምር፣ ማጭድ የሚመስለው ቀይ የደም ሕዋስ በባሕሩ ጠረፍና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ በብዛት፣ በደጋው ግን በጥቂቱ መታየቱን አስተዋለ። በ1954 ባሳተመው ጥናትም ባሕርይውን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከወባ እንደሚጠበቅ አስረዳ። ከሁለቱም የወረሰ ግን በጽኑ ሕመም ይሠቃያል።

በ1956 ቬርነን ኢንግራም ሄሞግሎቢንን በኢንዛይም ቆራርጦ ልዩነቱ ያለበትን ቁራጭ ለየ። 146 አሚኖ አሲዶች ካሉት ሰንሰለት የተለወጠው አንዱ፣ 6ኛው ብቻ ነበር። መስበር እንግዲህ ታላቅ ዕውቀት አስገኝቷል። ይሁንና ዋጋ አለው፤ በአንድ ፕሮቲን ላይ ሁለት ለውጦች ቢገኙ፣ በአንድ አካል ላይ አብረው ይኑሩ ወይስ በሁለት አካላት ላይ ለየብቻ፣ ከተቆራረጠ በኋላ የሚመሰክር የለም።

በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተካፈሉት አንዱ ጆን ፌን ሌላ መንገድ ከፍቷል። ፈሳሹ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ደቃቅ ጠብታ ይረጫል፤ ጠብታው ሲተን ፕሮቲኑ ሳይሰበር ማስ ስፔክትሮሜትር ወደተባለው መመዘኛ ይገባል። ጤናማው ሰንሰለት 15,867 ዳልተን ያህል ሲመዝን፣ የማጭዳማው ደም 15,837 ነው። የ30 ዳልተን ጉድለት ሙሉው አካል ሳይነካ ይታያል።

ሙሉውን መመዘንም ቢሆን ዕውር የሚሆንበት ቦታ አለው። ሄሞግሎቢን ሲ የሚባለው በዚያው በ6ኛው ቦታ የተለወጠ ሆኖ ሳለ፣ የክብደቱ ልዩነት ከ1 ዳልተን ያነሰ በመሆኑ በቀላሉ ይሰወራል። ስለዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው ሙሉውን ይመዝናሉ፤ ቀጥሎም ያንኑ የመዘኑትን ለይተው በመሣሪያው ውስጥ ይሰብሩታል። ቁራጩ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ነው።

ከሐይቁ ዳር መጥታ ናይሮቢ የምትኖር፣ ለማግባት የተዘጋጀች ወጣት እናስብ። የምርመራው ወረቀት የማጭዳማ ደም ተሸካሚ ይላታል። እጮኛዋም ተሸካሚ ከሆነ እያንዳንዱ ልጃቸው ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህን መደበቅ በሚወለደው ሕፃን ላይ መፍረድ ነው፤ ለሁለቱም ሊነገራቸው ይገባል። ነገር ግን ዘመድ አዝማድ ወረቀቱን አይቶ «ደሟ የተበላሸ» ቢላት፣ እውነተኛው ቁራጭ ሐሰተኛ ሙሉ ሰው ይሆናል። ያው ደም ቅድመ አያቶቿን ከወባ ጠብቆ ለዚህ ትውልድ አድርሷል። ናይሮቢ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ወባ የማይበረታባት ከተማ ስለሆነች ጥበቃው አይታይም፤ የሚታየው ሥጋቱ ብቻ ነው።

ሰውን በስሙ፣ በአነጋገሩ ወይም በመታወቂያው መለየት በስደተኛና በነባር በተሞላች ከተማ የየዕለት ልማድ ነው። እያንዳንዱ ምልክት እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም የግድ ያስፈልጋል። ፍርዱን የሚያጣምመው ሙሉው ሰው ሳይመዘን ቁራጩ መቅደሙ ነው።