ለተራበ ሰው ሊቅ ምን ያደርግለታል?

ረኀብ በደጁ ተቀምጦ ሳለ፥ አንድ ወጣት አራትና አምስት ዓመት ከመጻሕፍትና ከቤተ ሙከራ ጋር ተወስኖ በሥነ ምግብ የዶክትሬት ማዕረግ ለመቀበል ቢነሣ፥ ይህ ድካሙ በእግዚአብሔር ፊት ምጽዋት ሆኖ ይቈጠርለታልን፥ ወይስ ከተራበው ሰው መሸሻ ነው? ጥያቄው በየትም አገር ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን በሶማሌ ምድር እንዳለችው እንደ ሐርጌሳ ባለች፥ ድርቅ በተመላለሰ ቍጥር ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ወደ ዳርቻዋ እየፈለሰ በላስቲክና በጨርቅ ጎጆ በሚሰፍርባት ከተማ፥ የክርክር ማሳመሪያ መሆኑ ይቀርና የኅሊና ጕዳይ ይሆናል።

አንድ የሐርጌሳ ሽማግሌ ተማሪውን «ልጄ፥ የተራበ ሰው የሚሻው ምግብ ነው፤ ስለ ምግብ የሚጻፍ መጽሐፍ ምን ይረባዋል?» ቢለው፥ ነገሩ የድንቍርና ንግግር አይደለም፤ ሃይማኖት ከኋላው ቆሞለታል። ጌታ በወንጌል ስለ ፍርድ ቀን ሲያስተምር የሚጠይቀን የተራበውን ማብላታችንን እንጂ ስለ ረኀብ ምን ያህል ማወቃችንን አይደለም። በእስልምናም የረመዳን ጾም ሲፈታ አባወራው በቤቱ ስላለችው ስለ እያንዳንዷ ነፍስ ሷዕ በሚባለው መስፈሪያ አንድ ስፍር እህል ለድኾች ሰፍሮ ይሰጣል፤ ስፍሩም ተቀባዩም የታወቀ ነው፥ ሰጪው ግን በእህሉ ውስጥ ያለውንና የሌለውን እንዲመረምር አልታዘዘም። ታዲያ ያልታዘዝነውን ምርመራ የምናበዛው ስለ ምንድን ነው?

መልሱን ከዚያው ከሶማሌ ምድር ታሪክ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1977 በተነሣው የኦጋዴን ጦርነትና ከዚያ በኋላ በተከተለው ድርቅ ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደዱ እጅግ ብዙ ሰዎች በሶማሊያ በስደተኞች ሰፈር ተጠልለው ነበር። ዓለም አላዘነላቸውም አይባልም፤ እህል፥ ጥራጥሬና የምግብ ዘይት በመርከብ ተጭኖ መጥቶ ተሰፍሮላቸዋል። ዳሩ ግን በ1980ዎቹ ዓመታት በእነዚሁ ሰፈሮች የሰዎች ድድ እያበጠ ይደማ፥ እግራቸውም እያመመ መራመድ ያቅታቸው ጀመር። ይህም ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም በ1747 በብርቱካንና በሎሚ እንደሚፈወስ ፈትኖ ያሳየው፥ ስኩርቪ የሚባለው የጥንት መርከበኞች ደዌ ነበር። ከባሕር ርቆ በምድረ በዳ የሚኖር አርብቶ አደር በመርከበኛ ደዌ የተያዘው፥ ከሚሰፈርለት ራሽን ውስጥ ቫይታሚን ሲ ስላልነበረ ነው።

በገዛ አገሩ ሳለ ይህን ከምን ያገኘው ነበር ቢሉ፥ ከግመል ወተት። ዛሬም በሐርጌሳ ገበያ ሴቶች ደርድረው የሚሸጡት፥ ዕቃው በእንጨት ጢስ ስለሚታጠን ጢስ ጢስ የሚለው ያ ወተት፥ ከላም ወተት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ቫይታሚን ሲ ይዟል። ሰውን ከስኩርቪ ለመጠበቅ በቀን 10 ሚሊግራም ያህል ስለሚበቃ፥ ግማሽ ሊትር የጠጣ እረኛ አትክልትና ፍራፍሬ ሳይቀምስ ከደዌው ተጠብቆ ይኖራል፤ ግመሉ በጦርና በድርቅ ባለቀ ጊዜ ግን ከሀብቱ ጋር መድኀኒቱም አለቀበት። ስንዴውን የላኩት እጆች የደጋግ ሰዎች እጆች ነበሩ፤ ራሽኑ ሲቀመር ግን የወተቱ ነገር አልታሰበም። በሰፈሮቹ የተዘዋወሩት አጥኚዎች በ1989 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በሰፈሩ ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው ይበልጥ እንደሚጠቃ አስረዱ፤ ይኸውም ምጽዋት በበላበት ዘመን ልክ ሕመሙ ጠናበት ማለት ነው። ከዚህ ታሪክ በኋላ «ስጡ እንጂ አትመርምሩ» የሚለውን ቃል ልቀበለው አልችልም፤ የማያውቅ ምሕረት ሆድ እየሞላ ሰው ሊጐዳ እንደሚችል ታይቷልና። በ1988 ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ስትደበደብ ደግሞ ሕዝቧ በተራው ድንበር ተሻግሮ በእኛ በኢትዮጵያ ምድር በሐርቲሼክ ሰፈረ፤ ስደቱ ተመላላሽ እንደ መሆኑ ዕውቀቱም የአንድ ወገን ብቻ ሊሆን አይገባውም።

ዕውቀትና ምጽዋት በአንድ ሰው ሊገናኙ እንደሚችሉም ከጥንት ታይቷል፤ ቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የምትቀድስበት ቅዱስ ባስልዮስ በአቴና የዘመኑን ጥበብ ተምሮ ወደ ቂሳርያ የተመለሰ ሊቅ ነበር፤ በ369 ገደማ ጽኑ ረኀብ በሆነ ጊዜም በአንደበቱ የባለጸጎችን ጎተራ አስከፈተ፥ ለረኀብተኞችም ወጥ አስቀርቦ ራሱ አገለገላቸው።

ነገር ግን የሥነ ምግብ ዕውቀት ከየት ይገኛል ብለን ስንጠይቅ ነገሩ ይከብዳል፤ ሊቁ የሚያነበው መጽሐፍ የሌላ ሰው ሥጋ ነውና። በ1942 በዋርሶ የአይሁድ ሰፈር የታጠሩ ሐኪሞች፥ ራሳቸውም እየተራቡ፥ ረኀብ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን መርምረው ጽሑፋቸውን በስውር አወጡ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሞቱ፥ መጽሐፉ ግን በ1946 ታተመ። በ1944 ደግሞ በአሜሪካ በሚኒሶታ ጦር አንይዝም ያሉ 36 ወጣቶች፥ ብዙዎቹ ስለ ሃይማኖታቸው፥ አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ ረኀብተኛ እንዴት ሊያገግም እንደሚችል ያጠናባቸው ዘንድ ሥጋቸውን ለረኀብ ሰጡ። እነዚህ ግን ፈቅደው ነው። በሐርጌሳ ዳርቻ በእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠውን ሕፃን ማን አስፈቀደው? ነርሷ የግራ ክንዱን ከትከሻውና ከክርኑ መካከል ለክታ ባለሦስት ቀለሙን ጥብጣብ ትጠመጥማለች፤ ልኩ ከ11.5 ሳንቲሜትር ካነሰ ቀዩ ይታያል፥ ሕፃኑም በብርቱ የተጐዳ ተብሎ ይመዘገባል። እናቲቱ የምትመለከተው ቀዩን ቀለም አይደለም፤ የነርሷን ፊት ነው። ያ ቍጥር ወደ ተማሪው ሰንጠረዥ ይገባል፥ ከሌሎች ቍጥሮች ጋር ተደምሮ ምዕራፍ ይሆናል፥ ምዕራፉም ማዕረግ ያሰጣል። ስለዚህ ማዕረጉ ገና ሳይሰጥ ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም የተማሪው ብቻ ሳይሆን የመምህሩና የዩኒቨርሲቲውም ነው።

ይህ ዕዳ ሊከፈል እንደሚችል በአገራችን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ ረኀብ በነበረ ጊዜ፥ በብርቱ የተጐዱ ሕፃናትን በሕክምና ጣቢያ ከማከማቸት ይልቅ ከኦቾሎኒ የተሠራ ምግብ እየሰጡ በየቤታቸው ማከም በሐዲያ ተሞከረ፤ ውጤቱ ተመርምሮ ተጻፈ፤ በ2007ም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ዘዴውን ተቀብለው ለዓለም አወጁት። በሐርጌሳም በ1937 የተወለደችው ኤድና አዳን ኢስማኢል፥ በእንግሊዝ ነርስነትና አዋላጅነት ተምራ፥ በዓለም ጤና ድርጅት አገልግላ፥ በጡረታ ገንዘቧ በ2002 የከፈተችው የእናቶች ሆስፒታል አዋላጆችን እያሠለጠነ ይገኛል፤ በ2023 የቴምፕልተን ሽልማት ሲሰጣትም የእምነቷ ፍሬ በሥራዋ መታየቱ ተመስክሮላታል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ድካሙ ምጽዋት ነው፥ ወደ ተለካው ሕፃን ቤት ከተመለሰ። ተማሪው ድርሰቱን ለመምህራኑ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ፍሬ ነገሩን ግን በሶማልኛ ለእናቶች በቃል ይንገር፥ ወደ መስጊድም ይውሰደው። ቁርኣን እናቶች ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያጠቡ ይናገራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጡት ማጥባት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራልና፥ ኢማሙ ከተማሪው ባዕድ ነገር አይሰማም። በሥነ ምግብ ዶክትሬት የምትሰጡ የአዲስ አበባና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ሆይ፥ ከሐርጌሳ ለሚመጣ ተማሪ በራችሁን ክፈቱ፤ የምርምር ገንዘብ ስትመድቡም ውጤቱን ለተለኩት ቤተሰቦች መልሶ ለማስረዳት የሚበቃውን ከመጀመሪያው አብራችሁ መድቡ።