የራቀ ችሎት

ፍርድ ቤት ተከፍቶ ሳለ ባለጉዳዩ ሊደርስበት ካልቻለ ፍትሕ አለ ማለት ይቻላል? የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለሰው ሁሉ እኩል የሕግ ጥበቃ ሰጥቶ ነበር። በወረቀት ላይ ጭሰኛና ባለርስት እኩል ነበሩ፤ መንገድ ላይ ግን ይለያዩ ነበር። ባለርስቱ ብዙ ጊዜ ከተማ ተቀማጭ ነበር፣ ነገረ ፈጅም አያጣም ነበር። ጭሰኛው በሶውን በስልቻ ቋጥሮ፣ በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ሲደርስ «ዳኛው የሉም፣ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል» ይባል ነበር። ቀጠሮው በእርሻ ወራት ከዋለ ወይ ማሳው ጦሙን ያድር፣ ወይ ነገሩ ያመልጠው ነበር። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ይዘጋል፤ ተከሳሽ ከቀረ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ደንቡ ድሃን ለመጉዳት አልወጣም፤ ርቀትን ግን ከቁጥር አላስገባም።

ርቀትን ከቁጥር ያስገባ ጥንታዊ ሐሳብ ግን አለ፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 16 ዳኞች በየደጁ እንዲሾሙ ያዛል። በዘፀአት 18 ደግሞ የሙሴ አማት ዮቶር ሕዝቡ ከጧት እስከ ማታ ለፍርድ ሙሴ ፊት ቆሞ ሲውል አይቶ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾሙ ይመክራል፤ ዳኛውም ሕዝቡም እንዳይዝሉ። በዚህ አስተሳሰብ ቅርበት የፍርዱ አካል ነው፣ ለድሃ የሚደረግ ውለታ አይደለም።

ቅርበት ብቻውን ግን አይበቃም። ቅርቡ አጥቢያ ዳኛ ራሱ ባለመሬት ሊሆን ይችል ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ የመሬት ክርክርን ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ሲሰጥ መንገዱ አጠረ። በምትኩ ዳኛው ዘመድ ወይም ባለጋራ ሲሆን ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ መጣ።