ግርግሙና የተዘጋው ደጅ

ሥዕል በመጽሐፍ ያልተጻፈውን ሲጨምር ይዋሻልን? ይህ ጥያቄ የልደትን ሥዕል በጥሞና ለሚመለከት ሁሉ የሚነሣ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና በብራና መጻሕፍት ላይ በሬና አህያ ከግርግሙ አጠገብ ቆመው ይታያሉ። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን ሕፃኑ በግርግም መተኛቱን እንጂ እንስሳቱን አይጠቅስም።

ሠዓሊዎች እንስሳቱን ያገኟቸው ከትንቢተ ኢሳይያስ ነው። በምዕራፍ 1 ቁጥር 3 በሬና አህያ ጌታቸውን ሲያውቁ ሕዝቡ ግን አለማወቁ እንደ ወቀሳ ተነግሯል። በ4ኛው መቶ ዓመት የሮማ ክርስቲያኖች በድንጋይ ሣጥነ ሬሳ ላይ ቀርጸዋቸዋል። እንግዲህ ሠዓሊው ተረጎመ እንጂ አልዋሸም፤ ሊቃውንቱ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ እንደሚፈቱት ሁሉ፣ እርሱም አንድምታውን በቀለም ጻፈ።

ይህን አንድምታ ለመረዳት የባሌ ደገኛ ቅርብ ነው። ጎባና ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ በላያቸው ያለው የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ገና በሚከበርበት በታኅሣሥ 29 ሰሞን፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት፣ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። እንስሳቱ ሕፃኑን በትንፋሻቸው አሞቁት የሚለው ትውፊት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ከከብቶቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረ ሰው በገላው ያውቀዋል።

በባህላዊው አሣሣላችን ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይኑ ይሣላል። በልደት ሥዕል ውስጥ ግን ባለ አንድ ዓይን ሰው እምብዛም አይገኝም። በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ እንዳልነበራቸው ሉቃስ ይናገራል፤ ታዲያ ደጁን የዘጋው ሰው ወዴት ሄደ? የእርሱ ስፍራ ከሥዕሉ ፊት ለፊት፣ ተመልካቹ የቆመበት ይመስለኛል። ተመልካቹ በስንት ዓይን እንደሚሣል ገና አልተወሰነም።

ይህ የክርስቲያኖች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ ባሌ የድሬ ሼኽ ሁሴን ምድር መሆኗን ያስታውስ። ቁርኣን በሱረቱ መርየም፣ መርየም ምጥ ይዟት ወደ ተምር ግንድ እንደ ተጠጋች ይተርካል። በዚያ በረትም ግርግምም የለም። ሁለቱ እምነቶች ስለ ሕፃኑ ማንነት ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም። እናቲቱ ከሰው ቤት ውጭ መውለዷን ግን ሁለቱም ይመሰክራሉ።

ስለዚህ የልደት ሥዕል የሚዋሸው ያልተጻፈ በሬ ሲጨምር ሳይሆን ብርዱን ሲሠውር ነው። አክሊለ ብርሃኑ ግርግሙን ካስረሳን፣ ውበቱ ከእውነት አጣልቶናል ማለት ነው። ሥዕሉን ተሳልሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ በዚያው የውርጭ ሌሊት ነፍሰ ጡር መንገደኛ ደጁን ብታንኳኳ የሚሰጣት መልስ፣ ሥዕሉን ምን ያህል እንዳነበበው ይናገራል።