አሟሟትን ስለ ማሳመርና ስለ መመርመር

«አሟሟቴን አሳምርልኝ» ብሎ መለመን ከአገራችን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የዕለት ጸሎት የማይለይ ቃል ነው፤ ይህንም ልመና የሚያቀርቡት ሞት ጨርሶ እንዲቀርላቸው ሳይሆን፣ የማይቀረው ሞት በመጣ ጊዜ ያለ ብዙ ጣር፣ አስታማሚ ሳያስቸግር፣ ንስሐና ቁርባን ከቀደመው በኋላ ነፍስን ከሥጋ በቀስታ እንዲለያት ብለው ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ያማረ አሟሟት በዓይኑ ያየ ሰው «ተመስገን» ብሎ ዝም ማለት ነው የሚገባው፣ ወይስ ምክንያቱ ምን ይሆን ብሎ መጠየቅም ይፈቀድለታል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1507 መጨረሻና በ1508 መጀመሪያ፣ በዚያ አገር የብርድ ወራት፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በፍሎሬንስ ከተማ በሳንታ ማሪያ ኑኦቫ ሆስፒታል በአንድ አረጋዊ አልጋ አጠገብ ተገኝቶ ነበር። ሊዮናርዶ ያን ጊዜ የ55 ዓመት ሰው ነው፤ በሚላኖ ገዳም ግድግዳ ላይ የሣለው የምሴተ ሐሙስ ማዕድ ስሙን በኢጣልያ ሁሉ አስጠርቶለታል። ሽማግሌው ዕድሜው ከመቶ ዓመት እንዳለፈና ከድካም በቀር በአካሉ አንዳች ሕመም እንደማይሰማው አጫወተው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም እዚያው አልጋው ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ሳይንፈራገጥና ሌላ ምልክት ሳያሳይ፣ ነፍሱ ወጣች። የእኛ እናቶች ቢያዩ ኖሮ ጸሎቱ ሰመረለት ይሉ ነበር። ሊዮናርዶ ግን ካራውን አነሣ።

ምን እንዳገኘ በገዛ እጁ ጽፎታል። ልብንና የታችኛውን አካል የሚመግበው የደም ሥር ደርቆ፣ ተጨማዶና ጠውልጎ ነበር፤ የሥሩ ግድግዳ ከዘመን ብዛት እየወፈረ የደሙን መተላለፊያ እያጠበበው ሄዷልና፣ ሰውየው የሞተው መብሉ እንደ ተቋረጠበት ሰው ቀስ እያለ ነው። ይህን ለማስረዳት ከሊቃውንት መጻሕፍት ጥቅስ አልፈለገም፤ ብርቱካንን ወሰደ እንጂ፤ ብርቱካን እየሰነበተ በሄደ መጠን ልጣጩ ይወፍራል፣ በውስጡ ያለው ሥጋ ግን ይቀንሳል። ከዚያም የሁለት ዓመት ሕፃን በድን ቢመረምር ነገሩን ሁሉ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ አገኘው። በእርጅና የደም ሥር እንዴት እንደሚጠብብ ከሰፈሩት ጽሑፎች ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ መሆኑን የዛሬ ሐኪሞች ይመሰክሩለታል፤ እኔን ግን ከግኝቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ቃል ነው። ሊዮናርዶ ይህን ሞት «ጣፋጭ» ብሎ ጠራው፤ ምክንያቱን ፈልጎ ካገኘ በኋላም ቃሉን አልሰረዘውም።

ምርመራ ምስጢርን ይሽራል ብለው የሚፈሩ ሰዎች በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ቢቆዩ መልካም ነው። የደም ሥሩ መጥበብ የሞቱን መንገድ ነገረን፤ መንገዱ መታወቁ ግን ያንን ሰላም ከሽማግሌው ፊት አልገፈፈውም፤ ይልቁንም ጸጋው በምን በኩል እንደ መጣ አሳየን እንጂ። እግዚአብሔር የለመኑትን ሲሰጥ ያለ ሥርና ያለ ጅማት ይሰጣል ያለ ማን ነው? ደግሞም ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ካራው ከመነሣቱ በፊት ሰውየው ተጠይቋል፣ ተደምጧል፣ እስከ መጨረሻዪቱ እስትንፋስም ብቻውን አልቀረም። ይህን ስል ቅር የሚለኝን አልሸሽግም፤ ያን ያህል ቀርቦ ያጫወተው ሰው ስሙ በወረቀቱ ላይ የለም፤ አካሉ እንዲከፈት ይውደድ አይውደድም አልተጻፈም።

ሊዮናርዶ ራሱ ነፍስን በሚመለከት ልኩን የሚያውቅ ሰው ነበር ለማለት እደፍራለሁ፣ ምንም እንኳ ቀደም ሲል ሌላ ተስፋ ቢኖረው። በ1489 የራስ ቅልን እየሰነጠቀ ሲሥል፣ ሕዋሳት ሁሉ የሚገናኙበትን የነፍስ መንበር በመስመር ለክቶ ለማግኘት ደክሟል። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የእናት ነፍስ በማኅፀን ያለውን ፅንስ እንዴት እንደምታንጽ ከጻፈ ወዲያ፣ የቀረውን የነፍስ ነገር ምስጢርን ሁሉ በመንፈስ ለሚያውቁ መነኮሳት እንደሚተው፣ ቅዱሳት መጻሕፍትንም ፍጹም እውነት ናቸውና እንደማይነካ ገለጸ። ብዙ አንባቢዎች በዚህ ላይ ፈገግታ ያያሉ፤ እኔም በመነኮሳቱ ላይ ያለችውን ፈገግታ አያለሁ፤ ስለ መጻሕፍቱ የተናገረውን ግን ፌዝ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። በ1511 ገደማ የሣለውን ፅንስ ያየ ሰው፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ራሱን ደፍቶ፣ በተከፈተ ማኅፀን ውስጥ የተቀመጠውን ሕፃን ያየ ሰው፣ ያ እጅ ያለ አክብሮት ይሠራ ነበር ብሎ ለማመን ይቸገራል። በዚህ ሥዕል ግን የእንግዴ ልጁ የላም እንጂ የሴት አይደለም፤ ያላየውን ካየው ወስዶ ሞላበት። ለመነኮሳቱ ከተወው ይልቅ ለራሱ ባስቀረው ነገር መሳሳቱ ትንሽ ያስቃል።

በ1513 ወደ ሮማ ሄዶ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ግቢ በቤልቬዴሬ ተቀመጠ። በዚያው ዘመን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የእኛ መነኮሳት በሳንቶ ስቴፋኖ ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ከእነርሱ ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በሮማ በፊደላችን አሳተመ፤ በእናቱ ማኅፀን ሳለ ስለ ሠራው ፈጣሪ ዳዊት የሚያመሰግንበት መዝሙርም በውስጡ አለ። የሊዮናርዶ የማኅፀን ሥዕል ግን ማተሚያ ቤት ሳያይ ቀረ። ከዚህም አልፎ አንድ መስተዋት ሠሪ ሬሳ ይከፍታል ብሎ በጳጳሱና በሆስፒታሉ ዘንድ ስለ ከሰሰው ምርመራው ተሰናከለ። ሐኪሙ ቬሳልዮስ የሰውን አካል መጽሐፍ በ1543 ሲያሳትም፣ የሊዮናርዶ ወረቀቶች በደቀ መዝሙሩ በፍራንቼስኮ ሜልዚ ቤት ተቀምጠው ነበር።

የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ የሊዮናርዶን ታሪክ በ1550 ሲያወጣ ከክርስቲያንነት ፈላስፋነትን ያስበለጠ መናፍቅ አደረገው፤ በ1568 እትም ግን ይህን አወጣው። እኔ ከሁለቱም የቫዛሪ እትሞች ይልቅ ኑዛዜውን አምናለሁ። ሊዮናርዶ በፈረንሳይ ንጉሥ በፍራንሷ ቀዳማዊ አገር በአምቧዝ ሆኖ ኑዛዜውን ያስጻፈው ሚያዝያ 23 ቀን 1519 ነው፤ ግንቦት 2 ቀን በ67 ዓመቱ ዐረፈ። ነፍሱን ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችን ማርያም፣ ለቅዱስ ሚካኤልና ለመላእክት ሁሉ አደራ ሰጠ፤ ቅዳሴ እንዲቀደስለት አዘዘ፤ በቀብሩም ቀን ስልሳ ድሆች ስልሳ ጧፍ ይዘው እንዲሸኙትና ገንዘቡን ሜልዚ እንደ ፈቃዱ እንዲሰጣቸው አስጻፈ።